ሳላየው ያቃጠልኩት ፊልም

ጆሃንስበርግ፣ ሮዜተንቪል በሚባል ሰፈር የጓሮ ክፍል ያከራዩን ሽማግሌ ብራዚላዊ ናቸው። በወጣትነታቸው የሳምባ ዘፈን ይደርሱ ነበር፤ ግጥሙንም ዜማውንም። ሳምባ የአገራቸው የጭፈራ ሙዚቃ ነው፣ ከበሮ የበዛበት። ወደዚህ ከተማ የመጡት ሚስታቸውን ተከትለው ነው፤ የሚስትየዋ ዘመዶች እዚህ ይኖሩ ነበር። እኛ ስንከራይ ሚስትየዋ ካረፉ ቆይተው ነበር።

ታዲያ እኚህ ሰው ፊልም ላይ ወጥተዋል። "ተዋናይ ነበሩ እንዴ?" ብላቸው ሳቁብኝ።

"የምን ተዋናይ! ዘፈኔን ለፊልም ሲወስዱት እኔንም አብረው ጠቅልለው ወሰዱኝ እንጂ።"

አንዱ ፊልም ላይ የሳቸውን ዘፈን አንድ መልከ መልካም ጎረምሳ ይዘፍነዋል፣ እሳቸው ከኋላው ቆመው ከበሮ ይመታሉ። "ደራሲው እኔ፣ የተሳመው እሱ!" ይላሉ። ሌላው ላይ መጠጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ያጥባሉ። አንዱ ላይ ደግሞ አስከሬን ሆነው ሳጥን ውስጥ ተኝተዋል። አልቃሿ ደረታቸው ላይ ስትወድቅ ሳቃቸው አመለጣቸውና ምስኪኗ እንደ አዲስ እንድታለቅስ ተፈረደባት።

ከሁሉም የሚወዱት ግን አንዱን ነበር። እሳቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ጊታር ሲጫወቱ አንዲት ልጅ እግር በፊታቸው ታልፋለች፤ ዞር ብላ ታያቸውና መንገዷን ትቀጥላለች። ያቺ ሚስታቸው ነበሩ፣ ገና ሳይጋቡ። ሚስትየዋ ሲራመዱ የሚታዩት እዚያች ላይ ብቻ ነው። ፎቶማ ሞልቷል፣ ፎቶ ግን አይራመድም። እህታቸው ከቴሌቪዥን በቪዲዮ ካሴት ቀድታ ልካላቸው፣ ካሴቱ ከሳሎናቸው ወጥቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የማወራው አይቼ እንዳይመስላችሁ። ነግረውኝ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በመስኮት ይጠሩኛል።

"ልጄ፣ ነይ እይኝ! ዛሬ ወጣት ነኝ!"

እኔ ከደጃፉ አላልፍም። እኛ ጌታን ስንቀበል የዓለምን ዘፈን ትተናል፤ ዘፈን በተከፈተበት ቤት ቁጭ ማለት ለኛ ቀላል ነገር አይደለም። ያንን እንዳልነግራቸው ደግሞ አፈርኩ። "ልብስ ዘፍዝፌአለሁ፣ ፓፓ" እላለሁ። ሁልጊዜ ልብስ እዘፈዝፋለሁ።

"እንደናንተ ንጹሕ ቤተሰብ በዕድሜዬ አላየሁም" አሉኝ አንድ ቀን። ያሹፉ አያሹፉ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዳሌያቸውን ሊታከሙ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ካሴቱን በፌስታል ጠቅልለው አመጡልኝ።

"ሌቦች ቤቱ ባዶ መሆኑን ካወቁ ይሰብሩታል። ቴሌቪዥኑን ይውሰዱት ግድ የለም። ይቺ ግን አንቺ ጋ ትሁን።"

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። "በኛ አገር እንዲህ ያለው አደራ ይባላል" አልኳቸው። "አደራ" ብለው ደገሙት፣ እንደ ዜማ እየጎተቱ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ቶኮዛ ሰፈር ባለችው ሱቃችን በመሣሪያ ተዘረፈ፤ ጭንቅላቱን ተሰፍቶ መጣ። ትንሿ ልጄም ትኩሳት ያዛት። የጸሎት ቡድናችን እህቶች ሊጸልዩልን ቤታችን ተሰበሰቡ። መሪያችን ብርቱ ሴት ናት፣ ያገሬ ልጅ። ጸሎቱ እንዳለቀ ዓይኗ ቁም ሳጥኑ ላይ አረፈ። ፌስታሉን ገለጥ ስታደርገው የካሴቱ ሽፋን ላይ የሽማግሌው እህት ከመጽሔት ቆርጣ የለጠፈቻቸው፣ ላባ የለበሱ፣ ግማሽ ገላቸው የተራቆተ ጨፋሪዎች።

"እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የሰው አደራ ነው። የአከራያችን።"

"የአማኝ ቤት የዘፈን መጋዘን ሆነ? በሩን ራስሽ ከፍተሽ ነው እንዴ ሌባ መጣብኝ የምትዪው?"

አንዷ ከኋላ ሆና "ኧረ መልሺላቸውና ተገላገዪ" አለች።

"ሆስፒታል ናቸው።"

"እንግዲያው ይቃጠላ!" አለች መሪያችን።

እኛ ዘንድ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔም ያመንኩ ዕለት ካገር ቤት ያመጣኋቸውን የዘፈን ካሴቶች በደስታ አቃጥያለሁ። እነዚያ ግን የራሴ ነበሩ። ይህን ልዩነት ያኔ ማየት አልቻልኩም፣ ወይ አልፈለግሁም። ጓሮ ቅጠል የምናቃጥልበት በርሜል አለ። እነሱ መዝሙር ጀመሩ፣ እኔ ካሴቱን ፈልቅቄ ጥቁሩን ክር መዘዝኩት። ማንም እጄን አልያዘኝም። ቢመዙት ቢመዙት የማያልቅ ክር ነው፤ እሳቱ ሲነካው እየተኮማተረ ጠፋ።

ቀለል አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በማግስቱም የልጄ ትኩሳት በረደ። መድኃኒት ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ እኔ ግን ለመድኃኒቱ ምስጋናውን ነፈግሁት።

ሽማግሌው በከዘራ እየተደገፉ ተመለሱ። ገና አረፍ እንኳ ሳይሉ ካሴቱን ጠየቁኝ።

"ሌቦች ገብተው ወሰዱት" አልኩ።

በዚህ ከተማ ሌባ ካሉ ማን ይመረምራል? ክው አሉ። ወዲያው ግን ክንዴን ያዝ አድርገው "ልጆቹን ነኩብሽ?" አሉኝ።

"አልነኩም።"

"ተመስገን። ዕቃ ነው፣ ዕቃ ነው" አሉ። በሳምንቱ የብረት መቀርቀሪያ ገዝተው መጡ። በከዘራቸው ላይ ተደግፈው፣ በዚያ በተሰፋ ዳሌያቸው፣ በራችን ላይ እሳቸው ራሳቸው ገጠሙልኝ። እኔ ብሎኑን አቀብላቸዋለሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። መቀርቀሪያውን ከፍቼ ዘጋሁላቸውና "ጠንካራ ነው፣ ፓፓ" አልኩ።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ለትልቋ ልጄ ነገርኳት፤ እዚሁ የተወለደች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ናት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሰውዬው መቀርቀሪያ ገጥመውልሽ ዝም አልሽ?"

"ስድብሽን ተይና አንድ ነገር አድርጊ።"

በስልኳ ስትፈልግ ሰነበተች። በፖርቱጋልኛ ሁሉ እያስተረጎመች ፈልጋ ፈልጋ አንድ ፊልም አገኘች፤ ያንን አስከሬን የሆኑበትን። ይዘንላቸው ሄድን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎናቸው ገብቼ ተቀመጥኩ። ሳጥን ውስጥ አንድ ቀጭን ወጣት ተጋድሟል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሳቅ ሲታገለው ይታያል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር፣ ተቀምጦ አብሮ ማየት።

ከዚያ "እሷስ?" አሉ። "ያኛውንም አገኛችሁት?"

"እሱ የለም፣ ፓፓ" አለች ልጄ፣ እና እኔን አየችኝ።

"ሌባ አልገባም" አልኳቸው። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ዘፈን ስላለበት።"

ልጄ የስልኩን ድምፅ አጠፋች። ይቆጡኛል፣ ልቀቁ ይሉናል ብዬ ጠበቅሁ።

"ከማቃጠልሽ በፊት አየሽው?"

"አላየሁም።"

"አንዴም?"

"አንዴም።"

"ያሳዝናል" አሉ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር። ሚስቴ በፊቴ ስታልፍ ጫማ አድርጋ ነበር ወይስ በባዶ እግሯ? ሆስፒታል ተኝቼ ስትመጣብኝ በባዶ እግሯ ነበር። ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ግን ጫማ አላት፣ ኮቴዋም ይሰማኛል።"

በባዶ እግሯ ነበረች ልላቸው አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

"አላውቅም፣ ፓፓ።"

"አዎ" አሉ፣ "እኔም አላውቅም።"