ኳሷን ከለቀቅሽ በኋላ

የወንድሜ ልጆች ነቀምቴ ግቢያቸው ውስጥ የቲማቲም ጣሳ ደርድረው በካልሲ ኳስ ይመታሉ። ጣሳዎቹ እየተንኳኩ ሲወድቁ ያ የልጅነት ንዴቴ ተነሳብኝ።

ያኔ ቢላ በምትባለው ከተማ፣ የአባቴ እህት ጓሮ ነው። በኦሮምኛ የአባት እህት እንደምትጠራው አዳዳ ነበር የምላት። ጨርቅ ጠቅጥቃ የሰፋችልኝን ኳስ በእርጥቡ ሣር ላይ አንከባልልና፣ ጣሳዎቹ ጋ ሳትደርስ ማን እንዳየኝ ለማየት እዞራለሁ። ኳሷ ጎመኑ ውስጥ ትገባለች። ደግሜ አንከባለልኩ፤ አሁንም ጎመን! ጭቃ ጭቃ የምትሸተውን ኳስ መሬት ላይ ፈጥፍጬ አለቀስኩ።

«ኢላሊ! እያት እንጂ!» አለች አዳዳ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ እጄን ይዛ ወደ ጣሳዎቹ እንደተዘረጋ አቆየችው። «ከለቀቅሻት በኋላም ዓይንሽም እጅሽም ይከተላት። እኔ እኮ ቶሎ ዞሬ ነው እዚህ የቀረሁት።»

ስለ ጨዋታው የምታወራ መስሎኝ ነበር። የመምህርነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ሲቀራት ትታ መምጣቷን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ እኔም ሁለት ኮርስ ጀምሬ ትቼ ነበር።

ልጆቹ «አንቺም ሞክሪ» ብለው ኳሷን ሰጡኝ። ጎንበስ ብዬ አንከባለልኩ።

«አዳዳ፣ ሳትሽ!» አለች ትንሿ።

እኔ ለካ ፊቴን ወንድሜ ወደተቀመጠበት በረንዳ አዙሬያለሁ።