ኑሪያ የቀበረችው እንሰት

«እስቲ ስለ ኑሪያ ንገሪን» ይሉኛል የልጅ ልጆቼ፤ እኔ ደግሞ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ዛሬ ግን ከሀደሮ የተላከልኝን ቆጮ ከመናኸሪያ ተቀብዬ፣ የተጠቀለለበትን ኮባ ስፈታው፣ ያ እርጥብ ሽታ እህቴን ከነሳቋ ይዟት መጣ።

ታላቄ ናት። ቀጭን፣ ጥፍሯ ሥር አፈር የማይጠፋ። የጓሯችን እንሰት ጥቂት ስለነበር፣ እናቴ በየዓመቱ ለችግኝ የሰው ደጅ ትቆማለች፤ ይሄ ኑሪያን ያንገበግባት ነበር። አንድ ቀን አባቴ ጃጁራ ገበያ፣ እናቴ ውሃ በሄዱበት፣ ገጀራውን አንስታ አንዱን ለጋ እንሰት ቆረጠችው። ሥሩን መሀሉን ፈልፍላ፣ እበትና አፈር ሞልታ ቀበረችው። ችግኝ የሚወጣው እንደዚያ ነው፤ ግን የአባወራ ሥራ ነው፣ የልጅ አይደለም።

እናቴ እንስራዋን እንዳዘለች ደርቃ ቀረች። «ገና ሳይደርስ! በምን እጅሽ ቆረጥሽው?»

«እማ፣ ቆይ ብቻ። ይወልዳል።»

ጎረቤታችን እትዬ ፋጤ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «ኑሪያ፣ ከቀበርሽው እኛም ለቅሶ እንቀመጥ እንዴ?» አሉ። ሰፈሩ ሳቀባት።

ዝናቡ ዘገየ። በዚያ ላይ ኩፍኝ ገባና ኑሪያን መደብ ላይ ጣላት። እዚያም ሆና የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ወጣ?» ሮጬ አይቼ እመለሳለሁ። «ገና» እላታለሁ።

ዝናቡ በጣለ ሰሞን ግን እየጮህኩ ገባሁ። አባቴ በጋቢ ጠቅልሎ ወደ ጓሮ አወጣት። አፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ችግኙ እንደ ጫጩት እየተጋፋ ወጥቷል። ባላት አቅም ወደ አጥሩ ተጣራች፦ «እትዬ ፋጤ! ለቅሶው ቀርቷል፣ የአራስ ገንፎ ይዘው ይምጡ!»

እውነትም ይዘው መጡ፣ በቅቤ የዋኘ። ኑሪያ በጣቷ ቀመሰችና እንደ ንግሥት በዙሪያዋ የቆምነውን አየችን። በዚያው ሳምንት አረፈች።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ስሟን አላነሳችም። እኔን ሀደሮ ስትድረኝ ችግኝ አሸክማ ሰደደችኝ፤ ልጆቼ ያደጉት በዚያ ጓሮ ነው። አርጅታ ልትጠይቀኝ በመጣች ጊዜ፣ በእንሰቱ መሀል ስትዞር ቆይታ አንዱን ግንድ ዳበስ አደረገች።

«ኑሪያን አልዳርኳትም» አለች። «የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ የሸኘሁት ግን በእሷ ችግኝ ነው። ያንቺም የእሷ ነው።»