የጓድ ይገዙ ካሮት

ጀዊሪያ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ሱቅ የነበረው የቡሽራ ሚስት ናት። ምላሷን የማይፈራ ጎረቤት አልነበረም፤ የሚጠላትም አልነበረም። በደርግ ጊዜ፣ የጓሮ አትክልት ዘመቻ በታወጀ ሰሞን፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይገዙ ከወዳጅ አገር መጣ የተባለ ዘር በየበሩ አደሉ። በማሸጊያው ላይ ያለውን የባዕድ ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው አልተገኘም።

«ምንድን ነው ጓድ?» አለች ጀዊሪያ።

«ካሮት!» አሉ ሳያቅማሙ።

ዘራችው፣ ኮተኮተችው። ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ወጣ። ነሐሴ ላይ አንዱን ነቅላ ብታየው ግን ሥሩ የአይጥ ጭራ አያህልም። ቅጠሉን አሸት አድርጋ አሸተተችው። ድንብላል እንዳትለው አይደለም፤ እንስላልም አይደለም።

«ጣይው፣ መርዝ ቢሆንስ?» አላት ቡሽራ።

«መርዝ ከሆነማ ቀድሞ ለጓድ ይገዙ ነው የሚገባው» አለችና አንድ እፍኝ ቆርጣ ጎረቤቷ አቶ ቶለሳ ዘንድ ሄደች። አቶ ቶለሳ በጉብዝናቸው ፒያሳ፣ አንድ ጣሊያን ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ቅጠሉን አሸተቱ፣ ቀነጠብ አድርገው አኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፕሬዜሞሎ! ከየት አመጣሽው ልጄ?»

«ከቀበሌ። ካሮት ነው ብለው ነው የሰጡን።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ፣ «ክትፍ አድርጊና ድስቱን ከእሳት ስታወርጂ ጣል አድርጊበት። አብሮ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል» አሏት።

ወሩ ረመዳን ነበር። ጀዊሪያ የማፍጠሪያውን የምስር ሾርባ እንደተባለችው አደረገችው። ጓድ ይገዙም የዘመቻውን ውጤት ሊቆጣጠሩ ብለው ልክ መግሪብ ላይ ከተፍ አሉ።

«የካሮቱ ምርት የታል?»

«ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሾርባ ይቅመሱ። ሥጋ የለበትም፣ አይሥጉ።»

አንድ ማንኪያ፣ ሌላ ማንኪያ፣ ከዚያ ሳህኑን አንስተው ጨለጡት።

«ምን ጨመርሽበት እቴ?»

«ካሮት።»

«አረንጓዴ ካሮት አለ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ? ካሮት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ቡሽራ የሚያፈጥርበት ተምር ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። በዚያ ዘመን ከሊቀመንበር ጋር እንዲህ አይቀለድም ነበር። ጓድ ይገዙ ሳህናቸው ውስጥ የቀረችውን ቅጠል ትክ ብለው አዩ፤ ጆሯቸው ቀላ።

«ሥሩስ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሥሩ ንቃቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ነው መሰለኝ፣ መውፈር እምቢ አለ።»

ጓድ ይገዙ ወደ በሩ ዞር ብለው ሰሚ አለመኖሩን አረጋገጡና ሳህናቸውን ዘረጉ።

«በቃ፣ ድገሚኝ።»

ያኔ እውነተኛ ስሙን ነገረቻቸው። በእሑዱ ስብሰባ ላይ ጓድ ይገዙ ፕሬዜሞሎ ስለሚባለው ቅጠል ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ። ስለ ካሮት ትንፍሽ አላሉም። ሰፈርተኛው ግን ስሙ ለምላሱ አልገራ ስላለው «የጓድ ይገዙ ካሮት» እያለ በየወጡ ይከትፈው ጀመር።

አንድ ቀን የሊቀመንበሩ ሚስት ውባለም በአጥሩ ብቅ አለች።

«ጀዊሪያ፣ ከዚያ ካሮት ቆንጠር አድርጊልኝ እስቲ።»

«ምነው፣ እናንተ ጋ አልበቀለም?»

«በቅሎልን ነበር እኮ! ይገዙ ነው ሥሩ አልወፍር ቢለው ተናዶ ሙልጭ አድርጎ የነቀለው።»

ጀዊሪያ ሳቋን በነጠላዋ አፍና፣ እቅፍ ሙሉ ቆርጣ ሰጠቻት።