ኦርኪዱን የነካው እጅ

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሰላም ካለኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ገበያ ላይ ሽንኩርት መርጦ የሚሰጠኝ ሰው ካገኘሁ ቤት ስገባ አንድ በአንድ ገልብጬ አያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከእማሆይ ጋር የሆነውን ስነግራችሁ ጥፋቱን በአበባ ላይ እንዳታሳብቡ ነው።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምኖረው በአንዲት ባልቴት ግቢ ነው። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ቆብ ደፍተዋል፣ ልጆቻቸው በየከተማው ተበትነዋል። የሳቸው ቤትና የኔ አንድ ክፍል ፊት ለፊት ይተያያሉ። በሬ መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም፤ እማሆይ ሲፈልጉ ይገባሉ። ነፋስ ሲነሳ መስኮቴን ይዘጉልኛል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሎ በሳህን አስቀምጠው ይወጣሉ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አፍ አውጥቼ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ኦርኪዱን ያገኘሁት ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ለምረቃ ከባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ያበረከተው ስጦታ ነበር። አበባው እስኪረግፍ ድረስ አብሮት ፎቶ ያልተነሳ መምህር የለም። ከረገፈ በኋላ የፋይል መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተረሳ። ሁለቱ ቅጠሎች መሃል ለመሃል በፀሐይ ተቃጥለው ቡናማ ሆነዋል፣ አንዱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጨማዷል፣ ሌላው ጫፉ ተሰንጥቋል። ማሰሮው ውስጥ የሻይ ቅጠል ዝቃጭና የእስክሪብቶ ክዳን አገኘሁ። ሊጥሉት ሲሉ “ለኔ ስጡኝ” አልኩ። የሒሳብ መምህርቷ ጓደኛዬ ሳቀችብኝ።

“ይሄ ከዳነ እኔም አገባለሁ” አለች።

ስምንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ዕፅዋት አሉ ስል ኖሬ አንዱን በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። እልህም ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጆንያ ዘርግቼ ከማሰሮው አወጣሁት። መቀሱን እሳት አስነክቼ የበሰበሰውን ጥቁር ሥር ሁሉ ቆረጥኩ፤ ጠንከር ያለ አረንጓዴ ሥር የቀረው ሦስት ብቻ ነው። ከአናጢ ቤት የለመንኩትን የጽድ ቅርፊት ቀቅዬ፣ ከከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቅዬ፣ በጋለ ሚስማር በበሳሁት የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ተከልኩት። እማሆይ በርጩማቸውን አስጠግተው ሲያዩ ቆዩ።

“ይህ ሥሩ ወዴት ነው የሚሄድ፣ ልጀ?”

“አየር ላይ ነው እማሆይ። አፈር አይፈልግም። አገሩ ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው።”

“ተቀጽላ ነዋ!” አሉና አማተቡ።

ተቀጽላ በኛ አገር ዝም ብሎ ተክል አይደለም። ከየትኛው ዛፍ፣ በየትኛው ቀን እንደሚቆረጥ የሚያውቁ መድኃኒተኞች አሉ፤ ለበጎም ለክፉም ያውሉታል ይባላል። ተቀጽላ በመስኮቷ ያስቀመጠች ብቸኛ ሴት የሰፈር ወሬ ለመሆን ሳምንት አይፈጅባትም። “አይደለም፣ ለአበባው ብዬ ነው” አልኳቸው። “እሽ” አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከተክሉ ላይ አልተነሳም። ያን አስተያየት በሆዴ ያዝኩት።

የዐቢይ ጾም ገባ። ኦርኪዱ መስኮቴ ሥር ከስስ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ነፍስ መዝራት ጀመረ፤ የአንዱ ሥር ጫፍ አረንጓዴ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ሳላየው አልወጣም፣ ስመለስም ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እሱን ነበር የማየው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ በተቃጠሉት ቅጠሎች ላይ አመድ ተቀብቶ አገኘሁ። ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፤ በጣት ተወስዶ በየቁስሉ ላይ የተለቀለቀ ነው። ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት ከልቡ ላይ ውኃ አቁሯል። እኔ ደግሞ ከእሑድ ወዲህ ውኃ አላጠጣሁትም።

ኦርኪድ ልቡ ላይ ውኃ ከቆመበት ይበሰብሳል። ይህን ስልኬ ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር አንብቤዋለሁ። ያን ቀን ጠራረግኩት፤ በማግሥቱም ውኃ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን መሃሉ ጠቁሮ መሽተት ጀመረ።

ሌላ ማን አለ? ነገሩን በራሴ ቤት ፍርድ ቤት አቁሜ መረመርኩት። ተቀጽላ ነው ብለው ያመኑ እሳቸው፣ ያማተቡ እሳቸው፣ ቤቴ የሚገቡ እሳቸው። አመዱ የምድጃ አመድ ነው፣ ክፉ ነገር ለማድረቅ ነው፣ ውኃውም ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ቢሆንም እጅ ከፍንጅ መያዝ ፈለግኩ። መቀርቀሪያው ላይ አንዲት ቀጭን ክር አስሬ ወጣሁ። ስመለስ ክሩ ተበጥሷል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሎ በሳህን ተቀምጧል።

ቆሎውን አልበላሁትም። ለዶሮዎቻቸው በተንኩት። ዶሮዎቹ ለቃቅመው ምንም አልሆኑም፤ እኔ ግን በዚህም አላመንኩም። እንዲህ ነበር የሆንኩት። ከአበባው በላይ የጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እኚህ ሴት እንደ ልጃቸው ያዩኛል ወይስ ይፈሩኛል? ይፈሩኝ ከነበረ አራት ዓመት ሙሉ ቤቴ ነው ስል የኖርኩት ቤቴ አልነበረም ማለት ነው።

ጓደኛዬን አማከርኳት።

“መጠየቅ አይቀልሽም?” አለችኝ።

“ጠይቄ ቢዋሹኝስ?”

“እንግዲያው ቆልፊያ!”

ቆለፍኩ። እማሆይ ቅዳሴ በሄዱበት አናጢ አስመጥቼ ማቆላለፊያ ብረት አስመታሁ፣ ጓጉንቸር ገዝቼ አንጠለጠልኩ። ሲመለሱ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ፊት ቆመው ሲያዩት ከውስጥ ሆኜ በሳንቃው ስንጥቅ አየኋቸው። ጓጉንቸሩን በመዳፋቸው ከፍ አድርገው መዘኑትና መልሰው ለቀቁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሎ ቀረ። ሰላምታ ግን አላቋረጡም፤ ሰላምታቸው ራሱ እንዴት ቢደፍሩ ነው እያሰኘኝ አናደደኝ።

የበሰበሰውን ልብ ቆርጬ ጣልኩ። ስልኬ ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሺበት አለኝ፤ ነሰነስኩ። ሁለት ወር ጠበቅኩ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ከግንዱ ጎን የጥፍር ያህል አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ደስታዬ ንጹሕ አልነበረም። በሬን ስቆልፍ ተክሉ ዳነ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እማሆይን የጠራኋቸው ፊታቸው ሲጠቁር ለማየት ነው።

ገቡ። ጎንበስ ብለው በአፍንጫቸው ሊነኩት እስኪደርሱ ተጠግተው አዩት። ከዚያ እልል አሉ። የፕላስቲኩን ዕቃ ጠርዝ ሳሙት።

“ደረሰልሽ! ጠበሉ ደረሰልሽ፣ ልጀ! እመቤቴ ሰማችኝ!”

“የምን ጠበል?” አልኩ።

“በጾሙ ጊዜ፣ ሳትቆልፊው፣ ከቅዳሴ መልስ በሃይላንድ ጠርሙስ እየቀዳሁ ልቡ ላይ ጠብ ሳደርግለት ነበር እኮ። ቁስሉንም እምነት ቀባሁለት። በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው ሆነሽ ጠዋት ማታ እሱን እሱን ስታይ አየሁሽና አንጀቴን በላሽው። ይህ ቢሞትባት ይህች ልጅ ምን ይውጣታል ብየ።”

እምነት ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ በሽተኛ የሚቀባው አመድ ነው። እኔም በልጅነቴ ግንባሬን ተቀብቻለሁ። እንዴት አላወቅኩትም? ልቡን ያበሰበሰው የሳቸው ጠበል መሆኑን ልነግራቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ሌላም ነገር ዋጥኩ፤ ምናልባት ቅጠሉን ሲያዩ የፈጠሩት ወሬ ቢሆንስ? ያን ሰዓት እንኳ፣ እልልታቸው ከጆሮዬ ሳይወጣ፣ ይህን አሰብኩ። አፈርኩበት፤ አሁንም አፍርበታለሁ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

“ያን ሰሞን ምን ተሰረቀብሽ? ልጠይቅሽ እያልሁ ከፋሽ ብየ ተውሁት።”

“ምንም አልተሰረቀብኝም።”

“ቁልፉስ ታዲያ?”

“ለሌባ ነው እማሆይ” አልኩ።

ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት። የሳቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

“እዚህ ግቢ ያለነ እኮ እኔና አንች ነን” አሉ። በቁጣ አይደለም ያሉት፤ የረሳሁትን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያው ዕለት ጓጉንቸሩን አውልቄ ጉድጓድ ሽንት ቤት ጣልኩት። ማቆላለፊያ ብረቱንም ነቀልኩ። ቆሎው ግን ተመልሶ አልመጣም። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ገብቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም ነበር፤ እንደ መርዘኛ ጠርጥሬዎት ነበር ይባላል?

በዓመቱ ጥር ላይ ኦርኪዱ አበበ። አምስት ነጭ አበባ፣ መሃላቸው ወይን ጠጅ የተነካ። ጓደኛዬ መጥታ አይታው የማገባውን ሰው ፈልጊልኝ ብላ ሳቀች። እማሆይን ጠራኋቸው። ወዲያው መጡ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከደፉ ማዶ ቆሙ።

“ይግቡ እንጂ እማሆይ።”

አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ሌላውም እየደከመ ነው። መስኮቱ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ነው፣ አበባውም ከብርሃኑ ፊት ነው። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ወደዚያ አዩ።

“እሰይ” አሉ። “ከዚህም ይታየኛል።”