ዘንዶ የሌለው ፈረሰኛ

ዓመቱ ተምታቶብኛል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ መሆኑን እንጂ የትኛው እንደነበረ እንጃ። ብቻ ዝናብ ያራሰው ብረት ሲሸተኝ ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

ያን ጊዜ ጎልማሳ ነኝ፤ አሜሪካ፣ ሳንሆዜ ነው የምኖረው። ከቤቴ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስሄድ የማቋርጣት ትንሽ ፓርክ ነበረች። መሀሏ ላይ ፈረስ የተቀመጠ፣ ጦር የያዘ የነሐስ ሰው ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም። ፈረስ ካለ፣ ጦር ካለ፣ ሌላ ማን ሊሆን? ጊዮርጊስ ነው አልኩ። በየማለዳው ኮፍያዬን አውልቄ፣ ግንባሬን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አስነክቼ እሳለመው ነበር። ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ቆም ብለው ያዩኛል። ይዩኝ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ መንጃ ፈቃድ። ከምሠራበት ፋብሪካ ከተቀነስኩ ወዲህ አየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ ቫን ላይ ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር። ፈተናውን ደጋግሜ ስወድቅ ግን አለቃው፣ "አሁንም ከወደቅህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለኝ። ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳልኩ።

ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ትልቅ ያገሬ ሴት ይኖሩ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ደክሟቸውም ቢሆን በራሳቸው ቶዮታ ያለማምዱኛል። የፈተናው ቀን እሳቸው ይዘውኝ ሲሄዱ፣ "እትዬ፣ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ፤ ልሳለምና እንሂድ" አልኳቸው።

አብረውኝ ወረዱ። ሐውልቱን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ጎንበስ ብለው ጽሑፉን አነበቡ። ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት።

"አንተ ሰው! ዘንዶው የታለ?"

"ፈረንጆቹ ትተውት ይሆናላ።"

"ይሄ እኮ የአውሮፓ ንጉሥ ነው፤ የጥንት፣ ጦረኛ። ቅዱስም አይደል።"

ኮፍያዬን መልሼ አጠለቅኩ። ያን ሁሉ ማለዳ ለማን ነበር ችግሬን የነገርኩት?

"እትዬ፣ ዛሬ ይቅርብኝ። ለሌላ ቀን ሪስኬጁል ላድርገው።"

"የምን ሪስኬጁል! ስትለምን ማንን ብለህ ነው የጠራኸው?"

"ጊዮርጊስን።"

"ታዲያ አድራሻ ተሳስተሃል ብሎ የሚመልስህ መሰለህ? ና፣ መሪውን ያዝ!"

ቁልፉን መዳፌ ውስጥ አስቀመጡት። የፈተናው ሰዓት ገና ስለነበር በንጉሡ ፓርክ ዙሪያ መኪና ማቆም ተለማመድን። ካፊያ ይጥላል፤ የመስታወት መጥረጊያው ሲጥ ሲጥ ይላል። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ በነካ ቁጥር፣ "እንደገና" ይሉኛል። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። "እንደገና።" ጎማው ጠርዙን መንካቱን እስኪተው ድረስ።

ፈተናውን አለፍኩ። ጃንጥላውንም ኦክላንድ ወስጄ ለቤተ ክርስቲያናችን አገባሁ፤ ስለት ስለት ነው።

ኋላ ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲተዉ፣ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። መስቀለኛ መንገድ ስንደርስ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ ፍሬን መያዛቸው ነው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የምነዳው።"

"አውቃለሁ። ንዳ" ይሉኛል። እግራቸውን ግን አያነሱም።

አሁን ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። መስቀለኛ መንገድ ስደርስ ግን ወደዚያ ወለል ሳላይ አላልፍም።

እትዬ ወርቅነሽ ነበር ስማቸው።