እሳት የማይበላው ፍራሽ

ዳባት የነበረው ቤታችን ከኩራዝ በተነሳ እሳት ስለተቃጠለ፣ ደባርቅ ከገባን በኋላ እናቴ እሳት አጥብቃ ትፈራ ነበር። አንድ ሎጅ ከጣለው አሮጌ ሶፋ ስፖንጁን አውጥታ ለታናሽ እህቴ ፍራሽ ስትሰፋ፣ ጨርቁ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አገኘች። እኔም በእንግሊዝኛዬ ኮርቼ አነበብሁላት።

«እሳት ቶሎ እንዳይይዘው ኬሚካል ተደርጎበታል ይላል።»

«ተመስገን! ልጄ እሳት የማይበላው ላይ ትተኛልኝ።»

እህቴ ገና ትድህ ነበር። በስፌቱ ቀዳዳ ስፖንጁን እየቆነጠረች ስታላምጥ፣ «አንቺ በግ፣ ትፊው!» እያልን እንስቅባት ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል ስደርስ የኬሚስትሪ መምህራችን ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ ከአሮጌ ስፖንጅ በአቧራ እየወጡ ሕፃናት አፍ እንደሚገቡ፣ አእምሯቸውንም ሊጎዱ እንደሚችሉ ነገረን። ቤት ሮጬ ፍራሹን ደጅ ወረወርሁት።

«አብደሻል እንዴ?» አለች እናቴ። የሰማሁትን ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «አንቺ አይደለሽ ያነበብሽልኝ?»



እህቴ አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ አፏን ግን በደንብ አልፈታችም። ከስፖንጁ ይሁን ከተፈጥሮዋ፣ ጤና ጣቢያም ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። ስትንተባተብ እናቴ ቀና ብላ የምታየው እኔን ነው።