ፍራሹ የወገብ ገመድ አልነበረውም

ጉሬዛ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዛፍ ለመውጣት ሲከፈለው የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም አልተቀየመም። እንዲያውም ስልክ ሲያነሳ «ጉሬዛ ነኝ» ይልና ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ዝም ሲል ይገርመዋል። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ሆዱ ትንሽ ቀድሞታል፤ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ገመድ ላይ ሲቀመጥ ግን ሆዱንም ጉልበቱንም ሥር ትቷቸው የወጣ ይመስላል።

አወጣጡን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በልጅነታችን ግንድ አቅፈን ስንፍጨረጨር እንደነበረው አይደለም። መጀመሪያ በቀጭን ሲባጎ የታሰረች ትንሽ የአሸዋ ከረጢት ወደ ላይ ትወረወራለች። ከረጢቷ የተፈለገውን ቅርንጫፍ ተሻግራ ስትወርድ ሲባጎው ወፍራሙን ገመድ ይጎትታል። ሰውየው ጭኑንና ወገቡን በሚያቅፍ ቀበቶ በዚሁ ወፍራምና ረጅም ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። ገመዱ ላይ የተጠመጠመች አንዲት ቋጠሮ አለች፤ ወደ ላይ ሲገፏት ትሄዳለች፣ ሲለቋት ትይዛለች፣ በመዳፍ ቀስ ብለው ሲጫኗት ታወርዳለች። ከዚህ ሌላ አጭር የወገብ ገመድ አለ፤ ሰውየው ቅርንጫፍ ሲቆርጥ መጋዙን በሁለት እጁ እንዲይዝ ግንዱን ዞሮ ወገቡ ላይ ይታሰራል። ጉሬዛ ስለዚያች ቋጠሮ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ሚስቱ አንድ ቀን «ስለ እኔስ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?» ብላ ጠይቃዋለች፤ እሱ ግን ስለ ቋጠሮዋ ማውራቱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ዛፍ ወጪ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሬዲዮ ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ከእሱ ጋር አምስት ደቂቃ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ዛፍ ላይ ሆኖ ያወራል፣ መጋዝ እየጮኸ ያወራል፣ እያኘከ ያወራል። ጉሬዛ ሃያ ዓመት «እስቲ ዝም በል!» ሲለው ኖሯል። የዚህ ሰው ኩራቱ በቅርቡ የገዛው ቀይ የወገብ ገመድ ነው። ለብ ባለ ውሃ ያጥበዋል፣ ጥላ ላይ ያሰጣዋል፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።

መዘዙ የመጣው በደብዳቤ ነው። ለመሥሪያ ቤታቸው ዋስትና የሚሰጠው የመድን ድርጅት «ዛፍ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ፣ ዛፍ ላይ ራሱን የሳተ ባልደረባውን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማውረድ እንደሚችል በየዓመቱ ይፈተን፤ የወደቀ እስከሚቀጥለው ዓመት መሬት ላይ ይሥራ» ብሎ ጻፈ። መሬት ላይ መሥራት ማለት ቅጠል መጥረግና ቅርንጫፍ መፍጫ ማሽን ውስጥ መክተት ነው። ጉሬዛ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። በሃምሳ አራት ዓመቱ አንድ ዓመት መሬት ላይ የዋለ ሰው ተመልሶ እንደማይወጣ ጠንቅቆ ያውቃል። እንቅልፍ አጣ፣ እህል አልወርድ አለው።

የባሰው ነገር፣ በሃያ ስምንት ዓመት አንድም ሰው አውርዶ አያውቅም። ያወረደው ሦስት ድመት፣ ብዛቱን የማያስታውሰው ኳስና ንፋስ የወሰደው የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ነው። ድመቶቹ ሦስቱም ቧጭረውታል።

ስለዚህ ቤቱ መለማመድ ጀመረ። የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ገመዱን ከላይኛው ፎቅ የደረጃ ብረት ላይ አሰረና ፍራሻቸውን ጠቅልሎ፣ ቀበቶ አልብሶ፣ በደረጃው መሃል ባለው ክፍተት አንጠለጠለው። ከዚያ በሁለተኛ ገመድ እየወጣ ፍራሹን ያቅፋል፣ በመንጠቆ ከራሱ ጋር ያያይዘዋል፣ ፍራሹ የተንጠለጠለበትን ይፈታል፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ሚስቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ በስልኳ ደቂቃ ትቆጥራለች። በሦስተኛው ቀን ጡረታ የወጡት ጎረቤታቸው፣ የቀድሞ መምህርት፣ በራቸውን ሲከፍቱ ጉሬዛ አየር ላይ ሆኖ ፍራሹን ጭምቅ አድርጎ አቅፎ «አይዞህ፣ ያዝኩህ፣ አይዞህ» ሲል ደረሱ።

«ደህና ዋልክ?» አሉት።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ እርስዎስ?»

ሴትዮዋ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ የሚስቱ ስልክ ጮኸ። «ልጄ፣ ነገሩ ከጀመረው ቆየ?» ሲሉ ጠየቋት፤ ሚስትየዋ እየሳቀች «ለሥራ ነው እትዬ» አለቻቸው። እሳቸው ግን እንደዚያ ዓይነት ሥራ ሰምተው አያውቁም።

«ስድስት ደቂቃ ከሃያ» አለች ሚስቱ ፍራሹ መሬት ሲነካ። «ጥሩ ነው። ካቆሸሽከው ግን ዛሬ ሲሚንቶ ላይ ነው የምትተኛው።»

ፍራሽ ጥሩ በሽተኛ ነው። አያወራም፣ አይወራጭም፣ ክብደቱም ሸክም አይባልም። ግንድ ላይ ስላልተሰቀለ ደግሞ አጭሩ የወገብ ገመድ አልነበረውም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ባልም ሚስትም ልብ አላሉትም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሁሉም ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ትልቁ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ፈታኟ ቀጭን ሴት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የሰዓት መቁጠሪያ፣ እጃቸው ላይ ቅጽ አለ። ለፈተናው የመጣው በአሸዋ የተሞላ አሻንጉሊት ገና ብድግ ሲደረግ ስፌቱ ተተረተረና አሸዋው ሁሉ በአለቃቸው ጫማ ላይ ፈሰሰ። የቀረው ባዶ ቱታና አንድ ጭንቅላት ነው። አለቃቸው ጫማውን እያራገፈ «በቃ፣ የእውነት ሰው ይሰቀል» አለ። ሬዲዮ ማንም ሳይጠይቀው እጁን አወጣ።

«እንግዲህ እርስዎ ራስዎን ስተዋል» አሉት ፈታኟ። «ራሱን የሳተ ሰው አያወራም፣ ዓይኑን አይገልጥም፣ አዳኙን አይረዳም። ሦስት ጊዜ ከተናገሩ ፈተናው ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ፈተና እንደ ወደቀ ይቆጠራል።»

«ገባኝ። እኔ እንኳ ዝም ማለት አያቅተኝም፤ ሰዎች ናቸው እንጂ ዝም ብለው...» ብሎ ጀመረ። ጉሬዛ ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ሬዲዮ ወጥቶ አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠለጠለ። ቀዩን ገመዱን ግንዱ ላይ፣ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ከግንዱ ከሚወጣበት አንገት በላይ አዙሮ ወገቡ ላይ አሰረና እጅና እግሩን ለቀቀ። ነገሩ እንዲያምርለት ምላሱንም አወጣ።

ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ጉሬዛ ከረጢቷን ወረወረ፤ የአለቃቸው መኪና ጣራ ላይ አረፈች። ሁለተኛው ውርወራ ግን ቅርንጫፉን ልክ መሃሉ ላይ አገኘው። ገመዱን ጎትቶ አሳለፈ፣ በሙሉ ክብደቱ ሁለት ጊዜ ተንጠልጥሎ ሞከረው፣ ቋጠሮዋን አስተካክሎ መውጣት ጀመረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ሬዲዮ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገና «ጋሼ፣ ጫማህ ተፈቷል» አለው።

«አንድ!» አሉ ፈታኟ።

«ውይ፣ ይቅርታ!»

«ሁለት!»

ሥር የቆመው ሠራተኛ ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሬዲዮ ከንፈሩን ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ።

በስድስተኛው ደቂቃ ጉሬዛ አጠገቡ ደረሰ። እጁ ቤቱ የተለማመደውን ያውቃል፦ አቀፈው፣ በመንጠቆ ከራሱ ጋር አያያዘው፣ የሬዲዮን ረጅም ገመድ ፈታ፣ መዳፉን የራሱ ቋጠሮ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተጫነ። አንድ ስንዝር ወረዱ። ከዚያ ቀጥ አሉ።

እንደገና ተጫነ። ምንም የለም። ቋጠሮዋ ተወጥራ የያዘች መሰለውና ነካካት፣ ለመናት፣ በመጨረሻም ሰደባት። ሬዲዮ ምን እንደተፈጠረ በደንብ ያውቃል፤ ቀዩ ገመድ ቅርንጫፉ አንገት ላይ ተሰክቶ ወገቡን ለሁለት ሊከፍለው ነው። ግን አንዲት ቃል ከወጣችው የእህቱ ባል አለቀለት። ስለዚህ ቅንድቡን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ማንሳት ጀመረ።

«ቅንድብ ይቆጠራል እንዴ?» አለ አለቃቸው ከሥር።

ፈታኟ ቅጹን ገለበጡ፤ ጀርባውንም አዩ። «ስለ ቅንድብ የተጻፈ ነገር የለም» አሉ።

ጉሬዛ ግን ቅንድቡን አላየም። ያየው የሬዲዮን ፊት ነው፤ ቲማቲም መስሏል። «ምን ሆነሃል? አንተ፣ ተናገር እንጂ!» አለው በሹክሹክታ፤ ፈተናውን ጨርሶ ረስቶት ነበር። ሬዲዮ አልተናገረም። ይህ ሰው አጠገቡ ሆኖ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። ጉሬዛ የእውነት ደነገጠ፤ የሚስቱ ወንድም እጁ ላይ እየሞተ መሰለው።

ከዚያ ለጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚጮኸውን ለራሱ ጮኸ፦ «እጅህን ከገመዱ አንሳና ከላይ እስከ ታች እይ!» ከላይ ጀመረ፤ ቅርንጫፉ፣ ገመዱ፣ ቋጠሮዋ፣ የራሱ መንጠቆ፣ የሬዲዮ መንጠቆ፣ የሬዲዮ ወገብ። ቀዩ ገመድ እንደ ብረት ተወጥሮ እዚያ ነበር።

«እህ... ፍራሹ እኮ ይሄ የለውም!» አለ ጮክ ብሎ። ሥር ያሉት ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ፈታኟ ግን የሆነ ነገር ጻፉ።

የቀዩ ገመድ ማላቀቂያ በሬዲዮ ዳሌና በግንዱ መካከል ተጨፍልቆ ጣት አያስገባም። ሬዲዮን አንድ ስንዝር ወደ ላይ ማንሳት ቢችል ይለቅ ነበር፤ ዘጠና ኪሎ ሰው እንዴት ተደርጎ! ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ የተነሳው የራሱ የደም ግፊት ብቻ ነው። ስምንት ደቂቃ ተኩል ሆነ። ጉሬዛ ክብደቱ ድንገት እንዳይወርድበት መጀመሪያ የራሱን ገመድ ወጥሮ ያዘ። ከዚያ ወገቡ ላይ የታጠቀውን የእጅ መጋዝ ከሰገባው መዘዘ።

ሬዲዮ ያንን ድምፅ በእንቅልፉም ያውቀዋል። አንድ ዓይኑን በጠባቡ ከፈተ። መጋዙ ወዴት እየሄደ እንደሆነ አየ። አፉ ተከፈተ፤ ሥር ያለው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ፤ አፉ ተመልሶ ተዘጋ። ከጨፈነው ዓይኑ ግን አንዲት እንባ ወጥታ በጉንጩ ወረደች።

«አለቀሰ!» አለ አለቃቸው።

«እንባ ቃል አይደለም» አሉ ፈታኟ፣ ዓይናቸውን ከሰዓት መቁጠሪያው ሳያነሱ።

የተወጠረ ገመድ ብዙ መጋዝ አይፈልግም። አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ጧ! ብሎ ተበጠሰ። አንድ ጣት ያህል ወረዱ፣ ቋጠሮዋ ያዘች። ጉሬዛ በመዳፉ ተጫናትና ተያይዘው መሬት ደረሱ። ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ።

ሠራተኛው በጭብጨባ አካባቢውን አናጋው። ሬዲዮ «ነቃህ» ያለው ሰው ስላልነበረ ሣሩ ላይ ራሱን እንደሳተ ተጋድሟል። «ተነስ፣ አልቋል» ሲሉት ተቀመጠ፤ የተቆረጠውን ቀይ ገመድ ሁለት ጫፍ ያዘና ለመግጠም ያህል አስጠጋቸው። «ገና ሁለተኛ እጥበቱ ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አለፍክ አይደል?» ሲል ጠየቀ። ጉሬዛ ሁለቱን የገመድ ጫፎች አተኩሮ አየ።

«አልፈዋል» አሉ ፈታኟ ብዕራቸውን እየከደኑ።

«ፈተናውን ድገሙልኝ» አለ ጉሬዛ።

«ምን አሉ?»

«ይድገሙልኝ።»

«አልፈዋል እኮ ነው የምልዎት!»

«እኔ አልፌያለሁ፤ እሱ ግን ሞቷል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ከግንድ ጋር የታሰረ ሰው ቁልቁል ስጎትት ነበር። የእውነት ቢሆን ለእህቱ ምን እላታለሁ? በሰዓቱ ደርሻለሁ ልበላት?»

ፈታኟ ቅጹ ላይ ለሁለተኛ ሙከራ ቦታ እንደሌለ አስረዱት። «አይጻፍ» አላቸው። «ቅድም ልፈተን ነበር የወጣሁት። አሁን እሱን ላወርድ ነው።»

«እኔን የሚጠይቀኝ የለም?» አለ ሬዲዮ። ሳቅ ሆነ። ግን ተነሳ፤ ጉሬዛ የራሱን የወገብ ገመድ ፈትቶ ሰጠው፣ እሱም እያጉረመረመ ወጣ።

በሁለተኛው ጉሬዛ አልተጣደፈም። ሬዲዮ ጋ ሲደርስ እጁን አንስቶ ከላይ እስከ ታች አየው። ሲያያይዘው፣ አጭሩን ገመድ ክብደት ሳያርፍበት ሲፈታው፣ ቀጥሎ ረጅሙን ሲፈታው ጮክ ብሎ ለራሱ እየተናገረ ነው። ፈታኟ ሰዓት አልይዝም ብለው ነበር፤ የሁለቱ እግር መሬት ሲነካ ግን «አምስት ከአርባ» ሲሉ ተሰሙ። ቅጹ ላይ ምንም አልጻፉም።

ጉሬዛ ቀበቶውን ፈታ። የአጥሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሚስቱ ጋ ደወለ።

«አለፍክ?» አለችው ገና ከማንሳቷ።

«አለፍኩ። ወንድምሽንም ዛሬ ሁለት ጊዜ አዳንኩት።»

«ውይ፣ ከምን?»

ጉሬዛ ሣሩ ላይ እግሩን ዘርግቶ ለፈታኟ ታሪኩን ከመጀመሪያው የሚተርከውን ሬዲዮን አየ።

«ከእኔ» አላት።